የሻገተው ድርቆሽ ምስጢርና ፕሮፌሰር ካርል ፖል ሊንክ

የሻገተ መኖ ለከብት እንደማይበጅ ለዋግ ኽምራ ደገኛ አርሶ አደር መንገር አያስፈልግም። ከዘጠና ዓመታት በፊት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት የሻገተ ድርቆሽ በከብቶች ላይ ያደረሰው ጥፋት ግን፣ ዛሬ በአገራችንም ሆነ በመላው ዓለም የልብ ሕሙማን የሚወስዱት የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንዲገኝ ምክንያት ሆኗል። የዚህ ግኝት ባለቤት የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ፕሮፌሰር ካርል ፖል ሊንክ ነው።

የሉተራን ቄስ ልጅ የሆነው ሊንክ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1901 በኢንዲያና ግዛት ላፖርት በተባለች ከተማ ተወለደ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1925 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በስኮትላንድ፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ በታወቁ ኬሚስቶች ዘንድ ዕውቀቱን አዳበረ። በአውሮፓ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው፤ በሽታው ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ከሥራ አግልሎታል። ወደ አገሩ ሲመለስ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ በዚያው አገልግሏል።

የሊንክን የሕይወት አቅጣጫ የቀየረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1933 የሆነው ነው። በረዶ በሚያወርድ ማዕበል መካከል አንድ ገበሬ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ነድቶ ወደ ማዲሰን ከተማ መጣ። የጫነውም የሞተች ጊደር፣ የሻገተ ድርቆሽና በወተት ማመላለሻ ዕቃ የተሞላ፣ ፈጽሞ ያልረጋ ደም ነበር። የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ስላገኘው መብራት ወዳየበት የሊንክ ቤተ ሙከራ ገባ። ሊንክ በዚያ ዕለት ለገበሬው የሚሰጠው ፈውስ አልነበረውም። ድርቆሹን መመገብ እንዲያቆምና ቢቻል የታመሙት ከብቶች ከጤነኞቹ ደም እንዲሰጣቸው ከመምከር ያለፈ ሊረዳው አልቻለም። ገበሬው ከሄደ በኋላ ግን ሊንክና ረዳቱ ያን ደም መመርመር ጀመሩ።

ድርቆሹ ከአገራችን ማገት ጋር የሚዛመደው ስዊት ክሎቨር የተባለ የመኖ ተክል ነበር። ተክሉ በደህና ጊዜው ጉዳት የለውም። ሲሻግት ግን በውስጡ ያለው ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ደም እንዳይረጋ ወደሚያደርግ ውሕድ ይለወጣል። የሊንክ ቡድን ይህን ውሕድ ነጥሎ ለማውጣት ስድስት ዓመታት ያህል ደክሞ በ1939 ተሳካለት። ዳይኩማሮል የተባለው ይኸው ውሕድ በ1941 ደም በሥር ውስጥ በሚረጋባቸው ሕሙማን ላይ መሞከር ጀመረ።

የአሠራሩ ምስጢር በጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ አራት ዋና ዋና ፕሮቲኖችን፣ ማለትም በቁጥር 2፣ 7፣ 9 እና 10 ተብለው የሚጠሩትን፣ ለሥራ ብቁ የሚያደርገው በቫይታሚን ኬ አማካይነት ነው። ዳይኩማሮል ቫይታሚኑ ተመልሶ አገልግሎት ላይ እንዳይውል ስለሚያግድ ደም የመርጋት ኃይሉ ይዳከማል። የሊንክ ቤተ ሙከራ ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱ ማርከሻ መሆኑን ቢያሳይም፣ ሐኪሞች ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የሳንባ በሽታው በ1945 ዳግም ሲያስተኛው፣ ሊንክ በአልጋው ላይ ሆኖ ከዚሁ የውሕድ ቤተሰብ የአይጥ መርዝ ስለማዘጋጀት ያሰላስል ነበር። በውጤቱም ዋርፋሪን በ1948 በአይጥ መርዝነት ለገበያ ቀረበ። ስያሜውም ምርምሩን በገንዘብ ከደገፈው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የምርምር ድርጅት ምህጻረ ቃል የተወሰደ ነው። በ1951 አንድ አሜሪካዊ ምልምል ወታደር ራሱን ለማጥፋት ይህን መርዝ በተደጋጋሚ ቢውጥም፣ ቫይታሚን ኬ እና ደም ተሰጥቶት ዳነ። የማርከሻው አስተማማኝነት ሲታወቅ ዋርፋሪን በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት የልብ ድካም የገጠማቸው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በዚሁ መድኃኒት ታክመዋል።

ሊንክ ታዋቂውን የላስከር ሽልማት በ1955 እና በ1960 ተቀብሎ፣ በ1978 በ77 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

በኢትዮጵያ ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላቸው ሕሙማን ዋርፋሪንን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። መጠኑ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ይፈሳል። በመሆኑም በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። በጾም ወራት እንደሚደረገው ጎመን በድንገት ማብዛት የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል፤ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነውና። ሕመምተኛው ጎመን መተው ሳይሆን የሚመገበውን መጠን አለመለዋወጥ ይጠበቅበታል።

ብርቱ መድማት ሲያጋጥም ቫይታሚን ኬ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈጅበታል። ከለጋሾች ፕላዝማ ተጣርተው የሚዘጋጁት የደም አርጊ ፕሮቲኖች ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳሉ። ዋጋቸው ከፍተኛ በመሆኑ እነርሱ በሌሉበት የሚታመነው በደም ባንክ ፕላዝማና በቫይታሚን ኬ ነው። ቫይታሚን ኬ ለአራስ ሕፃናትም መድማትን ለመከላከል በመርፌ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊታጣ የማይገባው ነው።

ከሊንክ ሕይወት ለጤና ዘርፍ ኃላፊዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ዋርፋሪን ከአይጥ መርዝነት ወደ መድኃኒትነት የተሸጋገረው ማርከሻ ስለነበረው ነው። ከሰቆጣ ከተማ ርቆ በተራራማ ቀበሌ ለሚኖር የልብ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ብቻ ማድረስ ግማሽ ሥራ ነው። መመርመሪያውና ማርከሻውም አብረውት ሊደርሱ ይገባል።