ሰካራም የተባሉት ፕሬዚዳንትና የስድስት ሳንቲሙ ፍርድ

በአንድ የምርጫ ሰሞን ነው። ቡራዩ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ፎቶ ተለቀቀ። በግል ለመወዳደር የተመዘገቡ አንድ የሰፈራችን ጋሼ ግሮሰሪ በር ላይ ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸው ፈዞ ይታያሉ። ከፎቶው ሥር እኚህ ሰካራም ናቸው እንዴ የሚመሩን የሚል ሹፈት ተጽፏል። ሳቅሁና ፎርዋርድ አደረግሁት። ሰበታ ላሉት የአክስቴ ልጆች ላክሁ፣ ሱሉልታ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆችም ላክሁ። ሦስት ከተማ በአንድ ጣት!

ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን፣ ያን ቀን ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ደርሰው እንደነበር የሰማሁት ምርጫው ካለፈ በኋላ ከልጃቸው አፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ የስም ማጥፋት ክስ የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ እያነበብኩ ነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ላይ የደረስኩት። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ግብፅ ላይ የተገናኙት ሩዝቬልት አይደሉም፤ እነዚያ ፍራንክሊን ናቸው፣ የሩቅ ዘመዳቸው። እኚህኛው የአፄ ምኒልክ ዘመን ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ መልእክተኛቸው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ምኒልክ ለፕሬዚዳንቱ አንበሳና የዝሆን ጥርስ በስጦታ ልከውላቸዋል።

ሩዝቬልት የተወለዱት በ1858 ኒውዮርክ ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ነው። ሀብቱ ግን መተንፈሻ አልሆናቸውም። ሕፃን እያሉ አስም ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣቸው ነበር። አድገው ቦክስ ተማሩ፣ ፈረስ ጋለቡ፣ ተራራ ወጡ። በ25 ዓመታቸው፣ የካቲት 1884፣ እናታቸውና ሚስታቸው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሞቱባቸው። ሚስታቸው ከወለደች ሁለት ቀኗ ነበር። ሁሉን ጥለው ዳኮታ የሚባል ምድረ በዳ ገብተው ከብት አረቡ። ሲመለሱ የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር፣ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር፣ የኩባ ጦርነት ጀግና፣ የኒውዮርክ ገዥ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። መስከረም 1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በጥይት ተመትተው ሲሞቱ በ42 ዓመታቸው ወንበሩን ያዙ። ከእሳቸው በታች በሆነ ዕድሜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነ እስከ ዛሬ የለም። ሩሲያንና ጃፓንን በማስታረቃቸው በ1906 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ።

ይኼን ሁሉ ያልኩት ወደ አንድ ሰው ለመድረስ ነው፤ ወደ ታናሽ ወንድማቸው ኤሊየት። ኤሊየት መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነበር። መጠጥ በላው። ትዳሩ ፈረሰ፣ ስሙ በጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በ1894 ገና በ34 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ኤሌኖር በኋላ የፍራንክሊን ሩዝቬልት ሚስት ሆናለች። ታላቅ ወንድም ይኼን ሁሉ በዓይኑ አይቷል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሰካራም ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ሩዝቬልት በ1909 ሥልጣን ለቀቁ። ወንበሩን ለወዳጃቸው ለታፍት አስረክበው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሄዱ። ሲመለሱ ከታፍት ጋር ተጣሉ። በ1912 የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩነቱን ሲነፍጋቸው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ተወዳደሩ። አንድ ቤት ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ ምላስ እንዴት እንደሚመረዝ ለእኛ አይነገረንም።

ጥቅምት 9 ቀን 1912 (እዚህ ወሮቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሩዝቬልት ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ማርኬት በምትባል ከተማ ንግግር አደረጉ። ከማርኬት ወደ ኢሽፔሚንግ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ መሐል ሰበታ የመድረስ ያህል ነው። ኢሽፔሚንግ የብረት ማዕድን ከተማ ናት፤ ጋዜጣዋም አይረን ኦር ይባላል፣ የብረት ድንጋይ እንደ ማለት። ባለቤቱና አዘጋጁ ጆርጅ ኒዌት የታፍት ወገን ናቸው። ንግግሩ አናደዳቸው። በሦስተኛው ቀን በወጣው ጋዜጣ ላይ ሩዝቬልት እንደሚዋሹ፣ አስጸያፊ ስድብ እንደሚሳደቡ ጻፉ። ቀጠሉና ይሰክራሉም አሉ፤ ያውም አልፎ አልፎ ሳይሆን ደጋግመው፣ ይኼንንም ቅርባቸው ያለ ሁሉ ያውቃል ብለው።

ወሬው አዲስ አልነበረም። ሰውየው ሲናገሩ ፊታቸው ይቀላል፣ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፣ ክንዳቸውን ያወናጭፋሉ። ከሩቅ ያየ ሰው ቀምሰዋል ሊል ይችላል። ለዓመታት በየባቡሩና በየሆቴሉ በሹክሹክታ ሲወራ የቆየ ነገር ነው። ልዩነቱ ኒዌት አተሙት፣ ከሥሩም ስማቸው አለ። ዛሬ ሐሜቱ ላይ ስሙን ጽፎ የሚቆም ስንት አለ?

ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 14፣ ሚልዋኪ ውስጥ ሽራንክ የሚባል ሰው ሩዝቬልትን ደረታቸው ላይ በጥይት መታቸው። ኪሳቸው ውስጥ የነበረው የንግግር ወረቀት ጥቅልና የብረት የመነጽር ቤት የጥይቱን ኃይል አበረዱት። ደማቸው እየፈሰሰ መድረክ ላይ ወጥተው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። ጥይቱ እስኪሞቱ ድረስ ከደረታቸው አልወጣም። ከሆስፒታል ሲወጡ ወሩ ሳያልቅ ኒዌትን ከሰሱ፤ የጠየቁት ካሣ 10,000 ዶላር ነበር።

ምርጫው ኅዳር 5 ተካሄደ። ዉድሮው ዊልሰን አሸነፉ፣ ሩዝቬልት ሁለተኛ ወጡ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የሰማው በግንቦት 1913 ነው። ከጽሑፉ ሰባት ወር በኋላ! እኔ እዚህ ላይ ቆሜ ጋሼን አሰብኩ።

ችሎቱ ማርኬት ውስጥ ግንቦት 26 ተከፈተ። ዳኛው ፍላኒጋን ይባላሉ። ጉዳዩን የሚፈርዱት ግን ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ገበሬዎች፣ ጋሪ ነጂዎች። ሩዝቬልት ራሳቸው ምስክር ወንበር ላይ ወጡ። የቀድሞ ፕሬዚዳንት በነዚያ ሠራተኞች ፊት ዕድሜ ልካቸውን የጠጡትን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ግብዣ ላይ አንድ ሁለት ብርጭቆ ሻምፓኝ ወይም ነጭ ወይን። ኋይት ሐውስ ግቢ ከበቀለ ናና ጋር የተቀላቀለ መጠጥ በዓመት ጥቂት ጊዜ። ሐኪም ሲያዝላቸው ትንሽ ብራንዲ በወተት። ቢራ ጨርሶ አይወዱም፤ ይኼን የሜታ ቢራ ፋብሪካ ጎረቤት የሆኑት የሰበታ ዘመዶቼ ይቅር ይበሏቸው። የሚወዱት ሻይና ወተት ነው። የወተት ላም አገር የሆነችው ሱሉልታ ብትሆን በዚህ ብቻ ነፃ ትለቃቸው ነበር።

ከዚያ ምስክሮቹ ተሰለፉ። የቀድሞ ሚኒስትራቸው ጄምስ ጋርፊልድ፣ የደን ባለሙያው ጊፎርድ ፒንቾ፣ የድሆችን ሰፈር ፎቶ እያነሳ የጻፈው ጋዜጠኛ ጃኮብ ሪስ፣ ሐኪማቸው ላምበርት። አብረዋቸው በባቡር የዞሩ ጋዜጠኞችም ነበሩ። ሁሉም አብሬያቸው በልቻለሁ፣ አብሬያቸው አድሬያለሁ፣ ሰክረው አላየሁም አሉ። እኔን የገረመኝ የምስክሮቹ ትልቅነት አይደለም። ሁሉም የተናገሩት ያዩትን ነው።

የኒዌት ወገን በበኩሉ ምስክር ፍለጋ ወራት ፈጅቷል። የተገኙት ሰምቻለሁ፣ ሲባል ነበር፣ ነገሩ የታወቀ ነው የሚሉ ናቸው። በገዛ ዓይኑ አይቶ የሚምል አንድ አስተማማኝ ሰው ጠፋ። ያ ሁሉ ቅርባቸው ያለ የተባለው ሰው የት ገባ?

በአምስተኛው ቀን፣ ግንቦት 31፣ ኒዌት ራሳቸው ተነስተው የጻፉትን ወረቀት አነበቡ። የታተመውን ሲጽፉ እውነት መስሏቸው እንደነበር፣ ፈልገው ፈልገው ግን ሩዝቬልት ሰክረው ያየ ሰው እንዳላገኙ፣ ስለዚህም እንደበደሏቸው አመኑ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በሚያውቃቸው ሕዝብ ፊት፣ በገዛ አውራጃቸው፣ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እኔ ያን ፎቶ የላክሁላቸው ሰዎች ከሠላሳ አይበልጡም፤ ለእነሱ እንኳን መጻፍ አቅቶኝ ነው የከረምኩት።

ሩዝቬልትም ተነሱ። ገንዘብ ፈልገው እንዳልመጡ፣ ይኼ ሐሰት አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ እንዲዘጋ ብቻ መክሰሳቸውን ተናግረው ለስም ያህል የሚሆን ካሣ እንዲፈረድላቸው ጠየቁ። በሚሺጋን ሕግ ለስም ያህል የሚባለው ካሣ ስድስት ሳንቲም ነበር። ስድስት ሳንቲም ተፈረደላቸው። ጋዜጣው አልተዘጋም፣ ኒዌትም አልደኸዩም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ሰው ሠርቼ በወጣሁ ነበር። ግን ሩዝቬልት እንደዚያ ብቻ አልነበሩም። ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በ1908 መጨረሻ፣ የጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ ዘ ወርልድ ለፓናማ ቦይ የተከፈለው 40 ሚሊዮን ዶላር ማን ኪስ ገባ ብሎ ሲጠይቅና የአማቻቸውን ስም ሲያነሳ፣ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ዓቃቤ ሕጎችን አሰማርተው በወንጀል አስከሰሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1911 መንግሥትን ረታ። በዚያ ክስ ዘ ወርልድ የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር እያልኩ አይደለም። ግን የአገር ግምጃ ቤትና ዓቃቤ ሕግ ይዞ ጋዜጣ መክሰስና ሥልጣን የሌለው ዕጩ ሆኖ በራስ ጠበቃ መክሰስ ለእኔ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ሳነብ ሰውየውን ጠላኋቸው።

ደግሞ በ1915 ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ችሎት ቀረቡ። የኒውዮርክ ሪፐብሊካን አለቃ ዊሊያም ባርንስ፣ ሩዝቬልት በጽሑፍ ከሙሰኛ ፖለቲካ ጋር አያይዘው ስሜን አጥፍተዋል ብሎ 50,000 ዶላር ጠየቃቸው። ሲራኪዩስ ላይ ወር ያህል በፈጀ ክርክር ረቱት። ከሳሽም፣ አስከሳሽም፣ ተከሳሽም ሆነው አለፉ ማለት ነው።

የእኛም ሕግ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሌላውን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት ማድረግን ጥፋት ይለዋል። እንዲሳቅበት የሚለውን ልብ በሉልኝ። ያው ሕግ፣ ለመጉዳት ሳያስብና ከባድ ቸልተኝነት ሳይኖርበት የጻፈ ጋዜጣ ሲጠየቅ ወዲያው ጽሑፉን አንስቶ ይቅርታ ከጠየቀ ከተጠያቂነት የሚድንበትን በር ትቷል፤ የኒዌትን ወረቀት ይመስላል። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከእስር ይልቅ በፍትሐ ብሔር እንዲታይ አድርጓል። ለሰፈር ግሩፕ ግን ዋና አዘጋጅ የለውም፤ ዋና አዘጋጁ እኔና እናንተ ነን።

ሩዝቬልት ከችሎቱ በኋላ ብራዚል ሄደው ማንም ያልለካውን ወንዝ ሲወርዱ ሊሞቱ ደረሱ። በ1918 የመጨረሻ ልጃቸው ኩዌንቲን ፈረንሳይ ሰማይ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሞተ። እሳቸውም ጥር 6 ቀን 1919 ኦይስተር ቤይ በሚገኘው ቤታቸው ተኝተው ሳለ አለፉ፤ 60 ዓመታቸው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ፎቶውን ካሰራጩት አንዱ እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ ለማን ለማን እንደላክሁት ጠየቁኝ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ ሱሉልታ ያለችው እህታቸው ያን ሰሞን ለምን ደውላ እንዳለቀሰች አሁን ገና እንደገባቸው ነገሩኝ። ማታ ለሦስቱም ቦታ ጻፍኩ።