ለቃላት ወሰን ያበጁት ዓሊም፦ ሰይድ ሸሪፍ አል-ጁርጃኒ

ቢስሚላሂ ራህማኒ ራሂም

በዚህ እትማችን የምናስታውሳቸው ዓሊም ዕድሜያቸውን ለዒልም የሰጡና ለየትምህርቱ ዘርፍ ቃላት ትርጉም ያበጁ ታላቅ ሰው ናቸው።

ዓሊ ኢብን ሙሐመድ አል-ጁርጃኒ የተወለዱት በ740 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1339) በዛሬዋ ኢራን ሰሜናዊ ክፍል፣ በአስታራባድ አካባቢ ነው። የዘር ሐረጋቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ስለሚመዘዝ ሰይድ ሸሪፍ ተብለው ይጠራሉ።

በወጣትነታቸው አንድን የመንጢቅ ኪታብ ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ከራሱ ከጸሐፊው አፍ ለመማር ተመኙ፤ ጸሐፊው ቁጥቡዲን አር-ራዚ ወዳሉበት ወደ ሄራትም ተጓዙ። ሸኹ ግን በጣም አርጅተው ስለነበር ግብፅ ወደሚገኙት ተማሪያቸው ሙባረክ ሻህ ላኳቸው። ወጣቱ መንገዱ ረጀመ ብለው አልተመለሱም፤ ካይሮ ገቡ። እዚያም ደርሱን እንዲያዳምጡ እንጂ እንዲጠይቁ አልተፈቀደላቸውም ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ሙባረክ ሻህ አንድ ሌሊት በግቢው ሲዘዋወሩ ተማሪው በክፍላቸው ብቻቸውን ሲያጠኑ ሰሙ። መጀመሪያ የኪታቡን ሐሳብ፣ ቀጥሎ የመምህሩን ማብራሪያ፣ በመጨረሻም የራሳቸውን አስተያየት በየተራ ይናገሩ ነበር። መምህሩ በሰሙት እጅግ ተደሰቱ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው።

ከግብፅ ተመልሰው በሺራዝ ሲያስተምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1387 ቲሙር ከተማዋን ያዘና ወደ ሳማርቃንድ ወሰዳቸው። በቤተ መንግሥቱም ከታላቁ ዓሊም ከሰዕዱዲን አት-ተፍታዛኒ ጋር ተከራከሩ። ክርክሩ የተነሳው በአንዲት የቁርኣን አንቀጽ ውስጥ ባለ ኢስቲዓራ፣ ማለትም ተለዋጭ አነጋገር፣ አመዳደብ ላይ ነበር። ፍርዱ ለአል-ጁርጃኒ ሆነ። ተፍታዛኒ በዚህ ክፉኛ አዝነው ብዙም ሳይቆዩ እንደሞቱ ይተረካል። አል-ጁርጃኒ ግን በተፍታዛኒ ኪታብ ላይ ሐሺያ የጻፉ ሰው ናቸው፤ የተከራከሩትን ሰው ኪታብ አልጣሉም።

ብዙ ኪታቦችን ጽፈዋል፤ በዓለም ዙሪያ ስማቸውን ያስጠራው ግን ኪታቡ ተዕሪፋት ነው። በዚህ ኪታብ የፊቅህ፣ የነህው፣ የመንጢቅ፣ የፈልሰፋ፣ የዒልመል ከላምና የተሰውፍ ቃላትን በአረብኛ ፊደል ቅደም ተከተል አሰልፈው፣ ለእያንዳንዱ አጭርና ጥርት ያለ ትርጉም ሰጡ። ጀርመናዊው ምሁር ጉስታቭ ፍሉገል እ.ኤ.አ. በ1845 በላይፕሲግ አሳትሞታል።

የሥራውን ጥቅም ለማየት ኸበር የሚለውን ቃል እንውሰድ። ነህው የቀራ ተማሪ ኸበር ሲባል ስለ ሙብተደእ የሚነገረውን ክፍል ያስባል። መንጢቅ የተማረው እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ንግግርን ያስባል። የሐዲስ ተማሪ ደግሞ የተላለፈ ዘገባን ያስባል። ቂያስም እንዲሁ ነው፤ በኡሱለል ፊቅህ ሑክም ያልተነገረለትን ጉዳይ በምክንያት ከሚመስለው ጋር ማስተያየት ሲሆን፣ በመንጢቅ ግን ከተቀበልናቸው ዓረፍተ ነገሮች ሌላ የግድ የሚከተልበት አነጋገር ነው። ይህን ሳይለዩ የሚከራከሩ ሰዎች እስከ ሱብሒ ቢቀመጡም አይገናኙም።

እኛም ካምፓስ ውስጥ ከየዲፓርትመንቱ መጥተን በአንድ ዶርም እናድራለን። ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ወንድማችን እሴት ሲል፣ ሒሳብ የሚያጠናው እሴት ሲልና ዳዒው ስለ እሴት ሲያስተምር አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። በዲን ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ቢድዓ ወይም ኩፍር የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳይለዩ በወንድም ላይ መወርወር ልብ ይሰብራል፣ ጀመዓ ይበትናል። ስለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ያ ሰው በቃሉ ምን ማለቱ እንደሆነ እንጠይቅ።

አል-ጁርጃኒ ከቲሙር ሞት በኋላ ወደ ሺራዝ ተመልሰው ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በ816 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1413) በዚያው አረፉ። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም ከሚጠቅም ዒልም ያድርሰን። አሚን።