ኖርማን ሮክዌል፤ ከሽፋኑ በስተጀርባ

የቆዩ መጽሔቶችን የምሰበስበው ለጽሑፋቸው ሳይሆን ለሽፋን ስዕላቸው ነው። ከሽፋን ሠዓሊዎች መካከል ደግሞ እንደ አሜሪካዊው ኖርማን ሮክዌል የምወደው የለም።

ሮክዌል እ.ኤ.አ. በ1894 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደ። “ሳተርዴይ ኢቪኒንግ ፖስት” ለተሰኘው ሳምንታዊ መጽሔት የመጀመሪያ ሽፋኑን የሣለው በ1916 ሲሆን፣ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ስዕሉ ሙሉ ልብስ ለብሶ የሕፃን ጋሪ የሚገፋን ልጅና የሚሳለቁበትን ሁለት ቤዝቦል ተጫዋቾች ያሳያል። የሚገርመው ለሦስቱም ሞዴል የሆነው አንድ ልጅ ነው። የያኔው ሽፋን በጥቁርና በቀይ ብቻ የሚታተም በመሆኑ ሰብሳቢ ከሩቅ ይለየዋል። በ1926 የወጣውን የመጽሔቱን የመጀመሪያ ባለ ሙሉ ቀለም ሽፋንም የሣለው እርሱ ነው።

በ47 ዓመታት ከ320 በላይ ሽፋኖችን ሠራ። በሚሊዮን ቅጂ ስለታተሙ የአብዛኞቹ ዋጋ ያን ያህል አይጋነንም፤ የደንበኛ አድራሻ የተለጠፈበት ቅጂማ ይበልጥ ይረክሳል።

ሽፋኖቹ ላይ ሳቅና ጨዋታ ሞልቷል። የሠዓሊው ቤት ግን እንዲያ አልነበረም። የመጀመሪያ ትዳሩ በ1930 ፈረሰ። በ1943 ስቱዲዮው ከነሥራዎቹ ተቃጠለ። ሁለተኛ ሚስቱ ሜሪ በመንፈስ ጭንቀት በመሰቃየቷ ለሕክምናዋ ሲል በ1953 ወደ ስቶክብሪጅ ተዛወረ፤ እርሱም በታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን ዘንድ ታከመ። ሜሪ በ1959 ሞተች።

“ፖስት” ጥቁሮች በአገልጋይነት ካልሆነ በቀር ሽፋኑ ላይ እንዲሣሉ አይፈቅድም ነበር። ሮክዌል ለዚህ ደንብ ለአሥርት ዓመታት አድሯል፤ አድናቂው ብሆንም ይህን በቀላሉ ማለፍ አይሆንልኝም። በ1963 ግን፣ በ69 ዓመቱ፣ መጽሔቱን ለቀቀ። በጥር 1964 “ሉክ” በተባለው መጽሔት ያወጣው ስዕል በ1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የነጮች ብቻ ወደነበረ ትምህርት ቤት የገባችውን የስድስት ዓመቷን ሩቢ ብሪጅስን ያሳያል። ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ሕፃን አራት የፌዴራል ማርሻሎች አጅበዋታል። የሰዎቹ ፊት ከስዕሉ ውጭ ቀርቷል፤ ሙሉ ሆና የምትታየው እርሷ ብቻ ናት። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የዘረኞች ስድብ ተጽፏል፤ የተወረወረ ቲማቲም ፈርጦበታል።

ይህ ሥራ የወጣው በውስጥ ገጽ ነው። ስለሆነም ሽፋን እየገነጠሉ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ አይገኝም፤ ሙሉውን መጽሔት መፈለግ ግድ ይላል።

ሮክዌል በ1978 በ84 ዓመቱ አረፈ። ስዕሉ በ2011 ዋይት ሐውስ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ከራሷ ከሩቢ ብሪጅስ ጋር ቆመው ተመልክተውታል።