የይልማ ደሬሳ ሒሳብ

ገሱባ ገበያ ቆሞ ለማዳበሪያ ብድር የሚያስብ ገበሬ የልማት ባንክ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቅ፣ መልሱን ከይልማ ደሬሳ ታሪክ ያገኘዋል።

ይልማ ወለጋ ተወልደው ለንደን ውስጥ ኢኮኖሚክስ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ለአገራቸው ድጋፍ ፍለጋ ዋሽንግተን ድረስ ተላኩ።

በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ ልማት ባንክ መመሥረቻ ስምምነት ካርቱም ላይ ሲፈረም የገንዘብ ሚኒስትራችን እሳቸው ነበሩ። ካፒታሉ 250 ሚሊዮን ዶላር እንዲሆን ተወሰነ፤ ባለአክሲዮኖቹም የአፍሪካ መንግሥታት ብቻ ነበሩ፤ የውጭ አገር ባለድርሻ አልነበረበትም።

ድሃ መንግሥት ታዲያ ድርሻውን ከየት ያመጣል? ከግብር ነዋ! በ1960 ዓ.ም.፣ ይልማ ገና ሚኒስትር ሳሉ፣ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬም አልከፍልም ብሎ አመፀ።

ደርግ ሲመጣ ይልማ ታሰሩ። ስለ አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት የታሪክ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። ያ ሒሳብም ዛሬ ድረስ ይሠራል፦ መንግሥት ለባንክ የሚያዋጣው ገንዘብ ገበሬው የከፈለውም ነው። ብድሩ ገሱባ ካልደረሰ እንግዲህ ሒሳቡ አልተዘጋም።