ካርዲናል ማሳያና የአገራችን ስሞች

ብፁዕ ካርዲናል ጉልዬልሞ ማሳያ በ1809 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢጣሊያ በፒዮቫ መንደር ተወለዱ። የካፑቺን መነኩሴ ሆነው ሲያገለግሉ በ1846 የኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ለሚስዮናውያን መማሪያ የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 በፓሪስ አሳተሙ። ከ1868 ጀምሮ በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀምጠው ወንጌልን ሰበኩ፤ የፈንጣጣ ክትባትም ሰጡ። ሕዝቡም ስማቸውን በራሱ አንደበት ለውጦ አቡነ መሲያስ አላቸው። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889 ዐረፉ። መንደራቸውም ዛሬ ፒዮቫ ማሳያ ትባላለች።

የ35 ዓመት የሚስዮን ታሪካቸውን በ12 ቅጽ ትተውልናል። እኛ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ግን እንዲህ ባሉ የቀድሞ መጻሕፍት የአገራችንን ስም ስንፈልግ እንቸገራለን። የሸዋን «ሸ» ጣሊያኑ በኤስ፣ በሲና በአይ፣ ፈረንሳዩ በሲና በኤች፣ እንግሊዙ በኤስና በኤች ይጽፈዋልና፣ አንዱ ሸዋ ሦስት አገር ይመስላል። የላቲን ፊደል «ቀ»ንና «ከ»ን፣ «ጠ»ንና «ተ»ን አጥርቶ አይለይም፤ የመንዙ ቀያ ዛሬም በኬይ ሲጻፍ «ከያ» ተብሎ ይነበባል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በጥምቀት ምስክር ወረቀት ላይ የተሳሳተ የቦታ ስም ምእመኑን የሌላ አገር ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በመዝገባችን ስሙን አስቀድመን በራሳችን ፊደል እንጻፍ፤ የላቲኑ ከዚያ በኋላ ይከተል።