አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴና የውርጭ ስም

ደጎሎ ላይ በኅዳር ወር ሌሊቱ ጥርት ብሎ ኮከቡ ሲበዛ ገበሬ ደስ አይለውም። ደመና ለመሬት ብርድ ልብስ ነው፤ እርሱ በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ሲነጋ ረባዳው ማሳ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ነጩ ነገር ይጠፋና ባቄላው ጠቁሮ፣ ቅጠሉም የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ተኮማትሮ ይታያል። ያን ጊዜ የሀገሬ ሰው ማሳውን ውርጭ አቃጠለው ይላል። ብርድ እንዴት ያቃጥላል ብዬ በልጅነቴ አያቴን ብጠይቃቸው ባቄላውን አሳይተውኝ ዝም አሉ።

ጥያቄው እንደገና የመጣብኝ እዚህ በአርትስ ፋኩልቲ፣ በቋንቋ ትምህርት ላይ ነው። እንግሊዝኛው ፍሮስት፣ ጀርመንኛውም ፍሮስት፣ ሆላንድኛው ፎርስት ነው፤ የስዊድንና የዴንማርክ ሰዎችም ፍሮስት ይላሉ። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ አገልግሎቱ አንድ አይደለም። እንግሊዙ በሣር ላይ የተጋገረውን ነጩን ነገር ራሱን ፍሮስት ይለዋል። ጀርመኑ ግን ለዚያ ራይፍ የሚል ሌላ ቃል ስላለው ፍሮስትን ይልቁንም ውሃን ለሚያረጋው ብርድ ያውለዋል፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው የሚያንቀጠቅጠውንም ብርድ ሹትልፍሮስት ይለዋል። ሆላንዳዊው ፎርስት ሲል ውርጭ ማለቱ ይሁን መስፍን ማለቱ ከንግግሩ ካልታወቀ በቀር አይለይም፤ ይህ ግን የሁለት ባዕድ ቃላት በመንገድ መገጣጠም ነው እንጂ ዝምድና የለበትም። ያዕቆብ ግሪም በ1822 ባስረዳው ደንብ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ) የላቲኑ ፐ በነዚህ ቋንቋዎች ፈ ይሆናል። ስለዚህ የፍሮስት የሩቅ ዘመድ የላቲኑ ፕሩዊና ነው፤ ትርጓሜውም አመዳይ ነው። ከእርሱ አጠገብ ደግሞ ፕሩና የሚል ቃል አለ፤ ትርጓሜው ፍም! ብዙዎቹ ሊቃውንት ሁለቱን ከአንድ ሥር ያወጧቸዋል፤ ሥሩም መቀዝቀዝንና ማቃጠልን አብሮ የያዘ ነው። ይህን ስሰማ የአያቴ ባቄላ ትዝ አለኝ።

እንግዲህ የኛን ቋንቋና የጀርመንን ሊቅ መጀመሪያ በአንድ ገበታ ያቀረበው ማን ነው ብሎ የጠየቀ፣ መልሱን የሚያገኘው ከዚያው ከደጋው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ በአምሐራ አውራጃ በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። ያ አምሐራ የዛሬው ደቡብ ወሎ የሚገኝበት ሀገር ነው። መካነ ሥላሴን ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1531 የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አቃጠለው። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከቃጠሎው ከ60 ዓመት በላይ ዘግይተው ነው፤ በልጅነታቸው ስለ ወርቁ የሚያወራ ሽማግሌ ሳያጋጥማቸው አልቀረም እላለሁ።

የጐለመሱት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ የሮምን እምነት ተቀብለው፣ ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 መጥቶ፣ ሀገሩ በሁለት ተከፍሎ ደም ሲፋሰስ አባ ጎርጎርዮስ ከሮማውያኑ ወገን ቆሙ። በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ ነገሩ ተገለበጠ፤ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ አባ ጎርጎርዮስም ሀገራቸውን ለቀው ወጡ። በዚህ ምክንያት ከሀዲ የሚሏቸው አሉ፤ ስደታቸውን አይተው ሰማዕት የሚሏቸውም አሉ። በበኩሌ ሁለቱም ስም ይከብዳቸዋል ባይ ነኝ። እሳቸው የመረጡትን መርጠው ዋጋውን የከፈሉ ሰው ናቸው፤ ዋጋውም ሀገራቸውን ዳግመኛ አለማየት ነበር።

ስደቱ በመጨረሻ ሮም አደረሳቸው። በዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ወደዚህ ገዳም በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ የተወለደው በኤርፉርት ከተማ በ1624 ነው። ሕግ የተማረ ሆኖ ሳለ ልቡ በቋንቋ ተነድፎ ነበርና ግዕዝን ያለ መምህር፣ ከታተሙ ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ለቃቅሞ ነበር። መነኮሳቱ የብራና መጽሐፍ ሰጥተው ቢያስነብቡት አነባበቡ ሣቅ አመጣባቸው፤ ሲተረጉምላቸው ግን ሣቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ። ዕድሜው ከኛ ብዙ የማይርቅ ይህ ወጣት፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈውን መነኩሴ ያዘና አለቀቃቸውም።

ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። አባ ጎርጎርዮስ ላቲን አያውቁም፤ ሉዶልፍም የሚነገር ኢትዮጵያዊ ቋንቋ ሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ በአስተርጓሚ፣ ኋላ በራሱ በግዕዙ መነጋገር ያዙ። እስኪ አንባቢ ይህን ያስብ፤ ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የአፍ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ በመጽሐፍና በቅዳሴ የኖረው ግዕዝ፣ በሮም ከተማ ለሁለት ሰዎች የዕለት መነጋገሪያ ሆነ። ሉዶልፍ ሮምን ከለቀቀ በኋላም የተጻጻፉት በዚሁ በግዕዝ ነው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን አስጠራቸው። ከተማይቱ ስሟ የእህል ማኖሪያችንን ትመስላለች እንጂ በመካከለኛው ጀርመን የምትገኝ የመስፍኑ መቀመጫ ናት። እኚህ ሽማግሌ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ኑረንበርግ ሲደርሱ ሉዶልፍ ተቀበላቸው፤ ከዚያም በፍሪደንስታይን ግንብ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። ጠዋት ማታ ስለ ሀገራቸው ይጠየቃሉ፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ አየሩ። ሉዶልፍ ይጽፋል።

መዝገበ ቃላት መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በዚህች በውርጭ ብቻ ማየት ይቻላል። ግዕዝ ለዚህ ወገን በረድ፣ አስሐትያ፣ ሐመዳ የሚሉ ስሞች አሉት፤ በመዝሙረ ዳዊትና በሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት ውስጥ ስላሉ ማንም የግዕዝ ሊቅ አያልፋቸውም። ነገር ግን ከግሪክ የተረጐሙት አባቶች ጠጣሩን በረዶ፣ ጥጥ የሚመስለውን በረዶና የረጋውን ውሃ ለይተው መሰየም ነበረባቸው፤ ሀገሩ ደግሞ ከሦስቱ ዘወትር የሚያሳየው መጀመሪያውን ነው። እርግጥ ነው የሰሜን ተራሮች ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም በረዶ እንዳለባቸው አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰሜን ለመካነ ሥላሴ ሰው ሩቅ ነው። አማርኛችን በረዶ ብሎ ሦስቱንም በአንድ ቃል ያዘ። የግዕዙ ሐመዳ አመዳይ ሆኖ ወረደ፤ ጆሮዬ አመድን ይሰማበታል፤ በንጋት ማሳውን ላየ ሰው ይህ አያስገርምም። ውርጭ ደግሞ ብርዱም፣ ነጩ ነገርም፣ ከደጋ በላይ ያለው ሀገርም ስም ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን ስንቆጥር መጨረሻው ውርጭ ነው። ፍሮስት ብሎ አንድ ቃል መጻፍ ይህን ሁሉ አያደርሰውም። ሰውዬውን አጠገብ አስቀምጦ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ሉዶልፍን ከቀደሙት ሁሉ ያስበለጠውም ይኸው ነው።

ከጎታ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ላይ ሲታተም እሳቸው ከሞቱ 3 ዓመት ሆኗቸዋል። የኢትዮጵያ ታሪኩ በ1681፣ ማብራሪያው በ1691 ወጣ። በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትማ ከሞታቸው 40 ዓመት የዘገዩ ናቸው፤ ለአውሮፓ በመጽሐፍ የተገለጠው የመጀመሪያው አማርኛ የአምሐራው ልጅ አማርኛ መሆኑ ነው። ሉዶልፍ ውለታውን አልካደም፤ ምስላቸውን አስቀርጾ በመጽሐፉ አግብቶታል፤ ደብዳቤዎቻቸውንም ጠብቆ አቆይቷል። የበደለ ቢኖር ከዚያ ወዲህ የመጣው አንባቢ ነው፤ የሽፋኑን ስም ብቻ እያነበበ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ሉዶልፍ ነው ብሎ አለፈ። ለዚያ አባት መምህር እንደ ነበረው በየክፍላችን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ባለፈው ኅዳር ደጎሎ ሄጄ ነበር። ሮማውያን አመዳይንና ፍምን ከአንድ ሥር እንደ ጠሩ ለአያቴ ነገርኋቸው፤ የነዚያም ሰዎች ባቄላ ተቃጥሎ ይሆናላ ብለው ምንም አልተደነቁም። የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስጨርስም የጠየቁኝ መቃብራቸው የት እንደ ሆነ ነው። በባሕር መሞታቸውን ደግሜ ነገርኋቸው።