ካፓብላንካን ከጎን የመጣበት ሰው

ስልኬ ላይ ቼዝ ስጫወት የመጀመሪያ እርምጃዬ ሁሌም አንድ ነው፤ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት መግፋት። መሀሉን ያዝ ተብዬ ነዋ የተማርኩት! ሪቻርድ ሬቲን እስካውቅ ድረስ ሌላ መንገድ ያለም አይመስለኝም ነበር።

ሬቲ እ.ኤ.አ. በ1889 ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ባለችው ፔዚኖክ ተወለደ። ቪየና ላይ ሒሳብ አጠና፤ በኋላ ግን ቼዝ ወሰደው። እሱና የዘመኑ ወጣቶች መሀሉን በወታደር መሙላት ግዴታ አይደለም፣ ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠርም ይቻላል ብለው ተነሱ። ብዙዎች አልተዋጠላቸውም።

ማርች 22 ቀን 1924፣ ኒውዮርክ። ከሬቲ ፊት የተቀመጠው ኩባዊው የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካ ነው። ሰውዬው 8 ዓመት ሙሉ አልተሸነፈም። 8 ዓመት እኮ ነው!

ሬቲ በፈረስ ጀመረ። ቀጥሎ የጎን ወታደሮቹን ገፋ፤ ሁለቱን ቢሾፖች ከዳርና ከዳር አስቀምጦ በሰያፍ ወደ መሀል እንዲያዩ አደረገ። መሀሉን በወታደር የከፈተው በ16ኛው እርምጃ ነው። ካፓብላንካ በ20ኛው ላይ በንግሥቱ ወታደር በላ። ከዚያ በኋላ ንግሥቷ እረፍት አላገኘችም፤ በ31ኛው የሬቲ ሩክ ሲመጣባት ሻምፒዮኑ እጅ ሰጠ።

ውድድሩን ግን ሬቲ አላሸነፈም። 5ኛ ወጣ፤ አንደኛ የሆነው የ55 ዓመቱ ላስከር ነው። እኔ እንዲያውም ይሄ ነው የሚስበኝ።

በዓመቱ ብራዚል ውስጥ ሰሌዳ ሳያይ ከ29 ሰዎች ጋር በአንዴ ተጫውቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በቃ፣ 29 ሰሌዳ በጭንቅላቱ! ያው ሰው ሲወጣ ቦርሳውን ረስቶ ሄደ ይባላል።

ጁን 6 ቀን 1929 ፕራግ ውስጥ ስካርሌት ፊቨር ገደለው። 40 ዓመት ከሞላው ገና 9 ቀኑ ነበር። ፔኒሲሊን ለሕመምተኛ አልደረሰም።

በ1921 የሠራት አንዲት እንቆቅልሽ አለች፤ ስልካችሁ ላይ ደርድሯት። የነጭ ንጉሥ ኤች8፣ ወታደሩ ሲ6፤ የጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ወታደሩ ኤች5። ነጭ ይጀምርና አቻ ይወጣል። የጥቁሩን ወታደር ሮጦ መድረስ የማይቻል ይመስላል። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ ንጉሡ በሰያፍ ሲሄድ በአንድ እርምጃ ወደ ሁለት ቦታ ይቀርባል። እኔን ሁለት ቀን ፈጅታብኛለች።